የእባብ ቤት ማሞቅና ማብራት፦ ለአዲስ አበባ ብርድ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

እባብ ለማሳደግ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት አምፖል ልግዛ?» ብሎ ነው። አምፖሉ ግን የሚገዛው በመጨረሻ ነው። ከሱ በፊት ቴርሞስታት አለ፤ ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ነው። ከቴርሞስታቱም በፊት ክፍላችሁ ለሊት 11 ሰዓት ላይ ስንት ዲግሪ እንደሚሆን ማወቅ አለ።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጀንበር ስትጠልቅ ግን ጃኬት ይፈለጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውጭ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ቤታችን ደግሞ ማሞቂያ የለውም። ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው መመሪያዎች አብዛኞቹ የተጻፉት ክረምት ከበጋ 20 ዲግሪ አካባቢ ለሚቆይ ክፍል ነው። «ትንሽ ማሞቂያ ምንጣፍ ይበቃል» ሲሉ አልዋሹም፤ ለነሱ ይበቃል። ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ፣ ሴራሚክ ወለል ላይ ለተቀመጠ የመስታወት ሳጥን ግን አይበቃም።

እባብ እንደኛ ከውስጡ ሙቀት አያመነጭም። ሲበርደው ወደ ሞቃቱ ይሄዳል፣ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው ይመለሳል። የበላውንም የሚፈጨው ከአካባቢው ባገኘው ሙቀት ነው። ብርድ ከያዘው የዋጠው አይጥ ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይቆይና መልሶ ይተፋዋል። ስለዚህ ሳጥኑን ዳር እስከ ዳር እኩል አናሞቅም። አንዱን ጫፍ እናሞቃለን፣ ሌላውን ቀዝቀዝ እናደርጋለን፣ ምርጫውን ለሱ እንተወዋለን።

ከኤሌክትሪኩ በፊት ወረቀቱ

ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ግን አትዝለሉት። የዱር እንስሳት ጉዳይ በአዋጅ የተደነገገ ነው። ከዱር እባብ ይዞ ያለ ፈቃድ ቤት ማስገባት አይቻልም። ጥያቄ ካላችሁ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቁ። ፓይተኖች (የዘንዶ ዓይነቶች) በሙሉ ደግሞ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ድንበር ሲሻገሩ ወረቀት ይጠየቃል። መንገድ ዳር ያገኛችሁትን እባብ «ምንም አይልም» ብላችሁ ይዛችሁ አትግቡ። እፉኝትን ከሌላው የሚለየው ሁሉም ሰው አይደለም።

እዚህ የማወራው በዓለም ላይ በብዛት ቤት ስለሚኖሩ ሁለት መርዝ አልባ እባቦች ነው። አንዱ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካው ቦል ፓይተን ነው። ሌላው የአሜሪካው ኮርን ስኔክ ነው። የሚፈልጉት ሙቀት ይለያያል።

ለቦል ፓይተን ሞቃቱ ጫፍ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ይሁን። ቀዝቃዛው ጫፍ ከ24 እስከ 26። ማታም ቢሆን ከ24 ባይወርድ ይመረጣል። ኮርን ስኔክ ቻይ ነው። ሞቃቱ ከ29 እስከ 31፣ ቀዝቃዛው ከ22 እስከ 24 ይበቃዋል። ሌሊት እስከ 20 ቢወርድ ችግር የለበትም። ለአዲስ አበባ የቱን ትመርጣለህ ብትሉኝ ያለማመንታት ኮርን ስኔክ እላለሁ። መብራት በሄደ ቁጥር ልባችሁ አይሰቀልም።

1. ክፍሉን ለኩ

ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ሙቀት መዝግቦ የሚይዝ ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ። ሳጥኑ ይቀመጣል ባላችሁበት ቦታ፣ በዚያው ከፍታ ላይ አድርጉትና ጥቂት ሌሊቶች ተዉት። የምትፈልጉት ዝቅተኛውን ቁጥር ነው። ክፍሉ 15 ዲግሪ የሚደርስ ከሆነና እባቡ ቢያንስ 24 የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ማሞቂያችሁ ሌሊቱን ሙሉ 9 ዲግሪ መሸከም አለበት። ልኬቱን ያደረጋችሁት በሚያዝያ ከሆነ ለታኅሣሥ ሌላ ጥቂት ዲግሪ ቀንሱበት።

ቦታ ስትመርጡ ወለል ላይ አታድርጉት። ሲሚንቶና ሴራሚክ ሙቀት ይመጥጣሉ። ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም መደርደሪያ ይሁን። ከውጭው ግድግዳ ራቅ ይበል። መስኮት ሥር ደግሞ በፍጹም። የኛ ከፍታ ፀሐይ በመስታወት ሳጥን ላይ በቀጥታ ካረፈች ውስጡን በደቂቃዎች ምድጃ ታደርገዋለች፤ እባቡ መሸሻ የለውም።

ሌላም ነገር አለ። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል አይሁን። ለኛ ደስ የሚለው ጭስ ለእባብ ሳንባ ከባድ ነው። የበረሮ መግደያ የሚነፋበት ወጥ ቤትም እንዲሁ።

2. ሳጥኑን ሙቀት እንዲይዝ አድርጉት

መስታወት ያምራል፤ ሙቀት ግን አይዝም። በኛ ብርድ ከኤምዲኤፍ ወይም ከኮምፔርሳቶ የተሠራ፣ ፊቱ ብቻ ተንሸራታች መስታወት የሆነ ሳጥን ይሻላል። የሰፈር አናጢ ይሠራዋል። ለአዋቂ ቦል ፓይተንም ሆነ ኮርን ስኔክ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከ120 ያነሰ ርዝመት ላይ ሞቃትና ቀዝቃዛ ጫፍ መለየት ያስቸግራል። አናጢው ውስጡን ቫርኒሽ ከቀባው ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ክፍት አድርጋችሁ አናፍሱት።

የአየር ማስገቢያ አትርሱ። በቀዝቃዛው ጫፍ ዝቅ ብሎ፣ በሞቃቱ ጫፍ ደግሞ ከፍ ብሎ የተሸነቆረ ይሁን፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ሲወጣ ንጹሑ ከታች ይገባል። ቀዳዳው ላይ ወንፊት ሽቦ ይመታበት። እባብ ጭንቅላቱ ባለፈበት ብዙ ጊዜ ያልፋል።

መስታወት ሳጥን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ አትጣሉት። ጀርባውንና ሁለቱን ጎን ከውጭ በኩል በነጭ ፎም ሸፍኑት። ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ፎም ራሱ ይሆናል። ከላይ ያለው ክዳን በሙሉ ሽቦ ከሆነ ግማሹን በእንጨት ዝጉ። ሙቀቱ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ፎሙ ግን ማሞቂያም ሆነ አምፖል አጠገብ አይድረስ፤ ይቀልጣል፣ ይነዳልም።

ታች ለሚነጠፈው ሰጋቱራ የምታመጡ ከሆነ ከምን እንጨት እንደሆነ ጠይቁ። የጥድ ከሆነ ይቅር፤ ሽታ ያለው ዘይቱ እባብን ይጎዳል። ካልተማመናችሁ ጋዜጣ አንጥፉ። አያምርም፤ ግን ምንም አያመጣም።

3. ቴርሞስታት

ገንዘባችሁ የሚበቃው ለአንድ ጥሩ ነገር ብቻ ከሆነ ለዚህ አውሉት። ያለ ቴርሞስታት የተሰካ ማሞቂያ ለሊት አንሶ ቀን ይበዛል። እባብ ደግሞ እየተቃጠለም ቢሆን ቶሎ አይሸሽም። ሆዱ ሥር ያለው ነገር እየጋለ ተኝቶ ይቆይና በማግስቱ ቆዳው ቆስሎ ታገኙታላችሁ።

ለእንስሳት ተብሎ የተሠራ ቴርሞስታት ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ እሰየው። ከሌለ ለእንቁላል ማስፈልፈያ የሚሆኑ ዲጂታል መቆጣጠሪያዎች የሚሸጥ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጠይቁ። ኤስቲሲ-1000 የሚባለው ትንሽ ሳጥን ሥራውን በደንብ ይሠራል። ስትገዙ ጀርባውን አገላብጡና 220 ቮልት የሚል መሆኑን እዩ። በዚያው መልክ 12 እና 24 ቮልት የሚሠሩም አሉ።

ይህ ዕቃ ሽቦው ተገጥሞ አይመጣም። ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ለማገናኘት ሁለት መውጫ አለው፤ እኛ የምንፈልገው የማሞቂያውን ነው። ገመድ ከማገጣጠም ጋር ካልተዋወቃችሁ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ይገጠም። ገላጣ ሽቦ አይታይ።

ከዚያ ማስተካከል ነው። ኤፍ1 የምትፈልጉት ሙቀት ነው። ኤፍ2 ስንት ዲግሪ ሲወርድ ዳግም ይነሳ የሚለው ነው፤ 0.5 ወይም 1 ላይ አድርጉት። ኤፍ3 ለፍሪጅ ሞተር የታሰበ ማዘግያ ስለሆነ ለኛ አይጠቅምም። ኤፍ4 ደግሞ ልኬቱ ከተዛባ ማረሚያ ነው።

የተዛባ መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ብርጭቆ ውስጥ የተፈጨ በረዶ ሙሉና ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት። የመለኪያውን ጫፍ መሃሉ ላይ ክተቱና ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። 0 ማለት አለበት። 1.5 ካለ ኤፍ4 ላይ 1.5 ቀንሱ። በፈላ ውሃ ግን አትፈትኑት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ትክክለኛውን ዕቃ ስህተተኛ ያስመስላል።

4. የማሞቂያው ምርጫ

ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። ማሞቂያ ምንጣፍ፣ ሴራሚክ ማሞቂያና ሃሎጅን አምፖል።

ማሞቂያ ምንጣፍ የነካውን ነገር ያሞቃል፤ አየሩን ግን አያሞቅም። ክፍሉ 15 ዲግሪ ሲሆን የእባቡ ሆድ ሞቆ ጀርባው ይበርደዋል። ስለዚህ ለብቻው አትመኑበት፤ እንደ ረዳት ይሁን። ከወለሉ ሲሦውን ብቻ ይሸፍን። የሚለጠፈው ከውጭ፣ ከመስታወቱ ሥር ነው። ሳጥኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ጥጎቹ ላይ ላስቲክ አድርጉ፤ ሙቀቱ ታፍኖ መስታወቱን እንዳይሰነጥቅ። በወፍራም እንጨት ውስጥ ግን አያልፍም።

ሴራሚክ ማሞቂያ ብርሃን የለውም። አምፖል በሚገባበት ይገባል፣ ያለ ብርሃን አየሩን ያሞቃል። ለኛ ሌሊት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። 120 ሴንቲ ሜትር ለሆነ የእንጨት ሳጥን ከ100 ዋት ጀምሩ። አደጋው ግለቱ ነው፤ ላዩ ከ200 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። የፕላስቲክ ፖርታላምፓ ይቀልጥበታል። የፖርሴሊኑን ነጭ ፖርታላምፓ ግዙ፣ ገመዱም ሙቀት የሚችል ይሁን።

ሃሎጅን የቀን ሙቀት ነው። ብርሃኑና ሙቀቱ አብረው ከላይ ስለሚመጡ ፀሐይን የሚመስለው እሱ ነው፤ ሙቀቱም ከቆዳ ጠልቆ ይገባል። 50 ወይም 75 ዋት ለመጀመር ይበቃል። ከሚያርፍበት ቦታ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉትና እየለካችሁ አስተካክሉ። ልክ ከአምፖሉ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ። ቀን ሲሞቅ ውሎ አምፖሉ ከጠፋም በኋላ ለትንሽ ጊዜ ሙቀት ይሰጣል።

እኔ የምመክረው ቀን ሃሎጅን፣ ሌሊት ሴራሚክ ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ ቴርሞስታት። እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ። ኤስቲሲ-1000ን የመሰለው ዕቃ የሚያውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው። ለሴራሚክ ችግር የለውም። ሃሎጅኑን ግን ቀኑን ሙሉ ቦግ እልም ሲያደርገው ይውላል። እባቡም ይረበሻል፣ አምፖሉም ዕድሜው ያጥራል። መፍትሔው ብርሃን የሚቀንስ ዲመር መሃል ላይ መግጠም ነው። በዲመሩ ድንጋዩ ለቦል ፓይተን 32፣ ለኮርን ስኔክ 30 አካባቢ እስኪሆን ታስተካክላላችሁ። ቴርሞስታቱ ደግሞ 35 ላይ ተደርጎ ሙቀቱ ከቁጥጥር ከወጣ ብቻ ይቆርጣል።

ማሞቂያውም አምፖሉም ሳጥኑ ውስጥ ከሆኑ የሽቦ መከለያ ግዴታ ነው። ምናለሽ ተራ የማይገኝ ሽቦ የለም፤ ቀዳዳው ትንንሽ የሆነውን አስቆርጡ። ቅርጫት አድርጋችሁ በብሎን እሰሩት። ሽቦው ከማሞቂያው ራቅ ይበል፣ ካልሆነ ራሱ ይግልና እባቡ ተጠምጥሞበት ይቃጠላል። እጃችሁን ሽቦው ላይ አሳርፉ፤ መያዝ ካቃታችሁ አርቁት።

5. የመለኪያው ቦታ

የቴርሞስታቱ ጫፍ የት ይቀመጥ የሚለው ከዕቃው ጥራት እኩል ወሳኝ ነው። ለምንጣፍ ከሆነ በምንጣፉና በሳጥኑ ሥር መሃል ይገባል። ለሴራሚክ ከሆነ በሞቃቱ ጫፍ፣ እባቡ በሚተኛበት ከፍታ፣ ከማሞቂያው ሥር ትንሽ ወደ ጎን ብሎ ይታሰራል። ውሃ ዕቃው ውስጥ ከወደቀ ወይም እባቡ ገፍቶ ከሳጥኑ ካስወጣው ቴርሞስታቱ «ብርድ ነው» ብሎ ሳያቋርጥ ያሞቃል። ብዙ አደጋ የሚመጣው በዚህ ነው። በክሊፕ ወይም በማሰሪያ ግድግዳው ላይ አጥብቁት። ፕላስተር ግን ሳጥን ውስጥ አትጠቀሙ፤ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቅና ሲላቀቅ ቆዳውን ይዞ ይመጣል።

ከቴርሞስታቱ ሌላ ሁለት ቴርሞሜትር አስቀምጡ፤ አንድ ሞቃቱ ጋ፣ አንድ ቀዝቃዛው ጋ። የድንጋዩን ግለት ለማየት በርቀት የሚለካው ሽጉጥ መሰል ቴርሞሜትር ይጠቅማል። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ የሚደገነው ቤታችሁ ካለ ግን ተጠንቀቁ። የሰው ሙቀት ለማንበብ ስለተስተካከለ ድንጋይ ላይ ቁጥሩ አይታመንም። የዕቃ ላይ ሙቀት የሚለካበት ማዞሪያ ካለው ወደዚያ ቀይሩት።

6. ብርሃኑ

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆንን በሰኔ ቀንና በታኅሣሥ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ አድርጉለት። ታይመር ስትሞሉ ሰሌዳው የሚቆጥረው 24 ሰዓት መሆኑን አትርሱ። የኛ ጠዋት 12 ሰዓት እሱ ላይ 6 ነው፣ የኛ ማታ 12 ደግሞ 18።

ታይመሩ የሚሽከረከር ሜካኒካል ከሆነ መብራት በሄደ ቁጥር ይቆማል። ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። ሳምንት ሳታዩት ብትቆዩ እባባችሁ እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ሆኖለት ታገኙታላችሁ። ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ከዚህ ጣጣ ያድናል።

ማታ ቀይም ሆነ ሰማያዊ አምፖል አታብሩ። «እባብ ቀይ አያይም» የሚባለው አያዛልቅም፤ ሌሊቱ ጨለማ ይሁን። ለዚህ ነው ሴራሚክ የገዛነው።

ስለ ዩቪቢ፣ ማለትም ሰውነት ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ ስለሚያደርገው ለዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር፣ ብዙ ክርክር አለ። እባብ የሚበላው አይጥ ከነጉበቱ ስለሆነ ቫይታሚን ዲ ከምግቡ ያገኛል፤ ያለ ዩቪቢም ብዙዎች ዕድሜያቸውን ጨርሰው ኖረዋል። ቢኖር ግን ጥሩ ነው። ከ5 እስከ 6 በመቶ የሚል ቲ5 ቱቦ መብራት፣ ከሳጥኑ ርዝመት ግማሹን የሚሸፍን፣ በሞቃቱ በኩል ይገጠም። ሌላው ግማሽ ጥላ ይሁን። በመስታወት ውስጥ ዩቪቢ አያልፍም፤ ስለዚህ በመስኮት የሚገባ ፀሐይ በዚህ በኩል ምንም አይጠቅመውም። ቱቦው በዓመቱ ይቀየር። ብርሃኑ ለዓይን ያው ቢመስልም ዩቪቢው ይደክማል። «ታዲያ ግቢ አውጥቼ ፀሐይ ላሙቀው» የሚል ይኖራል። ከእጅ ላይ ሥጋ የምትነጥቅ የአዲስ አበባ ጭልፊት ለእናንተ እባብ አትራራም። ጎረቤቱም «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ነው፤ ዱላ ይዞ ይደርሳል።

7. ገመድና ሶኬት

የሁሉም ማሞቂያ ድምር 200 ዋት ገደማ ነው፤ ለመስመሩ ቀላል ሸክም። ችግሩ አብሮት የሚሰካው ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። ምጣድ ከሚሰካበት መስመር ጋር አታገናኙት። ምጣዱ ሲሰካ የቤቱ አምፖል ፈዘዝ ካለ የሃሎጅኑም ሙቀት አብሮ ይወርዳል።

ዲቫይደሩ ርካሽ አይሁን፣ ወለል ላይም አይጋደም። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ መልሶ ይውጣ። ውሃ ገመዱን ተከትሎ ቢወርድ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ለፍሪጅ የሚሸጠውን መከላከያ መሃል ላይ ስኩ። ኃይሉ እስኪረጋ ደቂቃዎች ጠብቆ ነው የሚለቀው።

ወጪውን ማስላት ቀላል ነው። 100 ዋቱ ሴራሚክ ከቀኑ ግማሹን ቢሠራ በቀን 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በወር 36። 75 ዋቱ ሃሎጅን 12 ሰዓት ቢበራ በወር 27 ይጨምራል። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ስለሚወደድ ከአከራይ ጋር ቆጣሪ የምትጋሩ ሰዎች ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እባብ መኖሩንም በዚያው ብትነግሯቸው ይሻላል፤ ራሳቸው ሲያገኙት የተለየ ወሬ ይሆናል።

8. መብራት ሲሄድ

አይቀርምና እናስብበት። ለሁለት ለሦስት ሰዓት ቢሄድ ጤነኛ እባብ ምንም አይሆንም። ሳጥኑ በደንብ ከተሠራ ሙቀቱን ቀስ እያለ ነው የሚያጣው። በሩን እየከፈታችሁ «እንዴት ነው» አትበሉት፤ በከፈታችሁ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል።

ሌሊቱን ሙሉ የሚሄድ ከመሰላችሁ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ ማሞቂያውንና አምፖሉን ከሶኬት ንቀሉ። ይህን አትዝለሉ። ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፍናችሁ ስትተኙ መብራት ተመልሶ ቢመጣ፣ ሃሎጅኑ ብርድ ልብሱ ሥር ይበራና ቤቱን ያቃጥላል። ከነቀላችሁ በኋላ ብርድ ልብሱን አልብሱት፤ የአየር ማስገቢያው በኩል ክፍት ይቅር።

ቀጥሎ ሃይላንድ ነው። የባዶ ሃይላንድ ፕላስቲክ ለብ ባለ ውሃ ሙሉት፤ 40 ዲግሪ ገደማ፣ እጅ ነክቶ ደስ የሚለው ያህል። የፈላ ውሃ አትጨምሩ፤ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል፣ እባቡም ይቃጠላል። ክዳኑን አጥብቃችሁ ወፍራም ካልሲ አልብሱትና ከመደበቂያው አጠገብ አጋድሙት። እባቡ ሲፈልግ ይጠጋዋል። ሲቀዘቅዝ ቀይሩት፤ የቀዘቀዘ ውሃ ተመልሶ ሙቀት ይስባል። ቴርሞስ ውስጥ ሙቅ ውሃ የማስቀመጥ ልማድ ያለው ቤት ለዚህ ዝግጁ ነው።

ከሰል ክፍሉ ውስጥ አታስገቡ። ለእባቡ ብላችሁ እናንተም አትነሱም። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው።

መብራት በሚቆራረጥበት ሳምንት አትመግቡት። ትናንት በልቶ ከሆነና ዛሬ ከቀዘቀዘ የሚተፋው ያን ጊዜ ነው። አዋቂ እባብ አንድ ሳምንት ምግብ ቢዘገይበት ምንም አይመስለውም። ከተፋ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሆዱ ይረፍ፤ ከዚያ በትንሹ ጀምሩለት።

9. እባቡ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሳምንት

ባዶውን ሳጥን ሁሉንም ነገር አብርታችሁ አንድ ሳምንት አሠሩት። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓትና ለሊት 11 ሰዓት ላይ የሁለቱንም ጫፍ ሙቀት ጻፉ። ለለሊቱ መነሳት የለባችሁም፤ ዝቅተኛውን የሚመዘግበው ቴርሞሜትር ይነግራችኋል። አንድ ነገር ስታስተካክሉ እስከ ማግስቱ ጠብቁ። ቶሎ ቶሎ የሚነካካ ሰው የቱ እንደሠራለት አያውቅም።

ቀዝቃዛው ጫፍ ከ28 በላይ ከሆነ ማሞቂያው በዝቷል ወይም ሳጥኑ አጥሯል። ሞቃቱ ጫፍ ለሊት ካልደረሰ ዋቱን ከመጨመራችሁ በፊት ሙቀቱ በየት እንደሚያመልጥ ፈልጉ። ሻማ ይዛችሁ በሩ ጠርዝ ላይ ብታዞሩት ነበልባሉ የሚጋደምበት ቦታ ክፍተቱን ያሳያችኋል።

እርጥበቱንም በዚያው ለኩ። ቦል ፓይተን ከ55 እስከ 70 በመቶ ይፈልጋል፤ ለኮርን ስኔክ ከ40 እስከ 60 ይበቃል። በክረምት ራሱ ይመጣል። በበጋ ግን የኛ አየር ደረቅ ነው፣ ሴራሚኩም ያደርቀዋል። ሰፋ ያለ የውሃ ዕቃ አስቀምጡ። ቆዳውን ሊጥል ሲል ዓይኑ ደመና ይመስላል፤ ያኔ አንዱን መደበቂያ በእርጥብ ጨርቅ ሙሉለት።

10. ከዚያ እሱን ማየት

እባቡ ከገባ በኋላ ከቴርሞሜትሩ እኩል እሱን እመኑት። ሌት ተቀን ሞቃቱ ጫፍ ላይ ከተለጠፈ ሳጥኑ በጠቅላላ ቀዝቅዟል። ቀዝቃዛው ጥግ ከተደበቀና ካልወጣ ሞቆታል፤ ወይም ሞቃቱ ጋ መደበቂያ የለውም። በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ መደበቂያ ካላደረጋችሁለት ከሙቀትና ከመደበቅ መርጦ ብዙ ጊዜ መደበቅን ነው የሚይዘው። ውሃ ዕቃው ውስጥ ተዘፍዝፎ ከዋለ ወይ ሞቆታል ወይ ቅማል የመሰሉ ጥቃቅን ተባዮች ይዘውታል።

አፉን ከፍቶ መተንፈስ ከጀመረ፣ አፍንጫው ላይ አረፋ ከታየ፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ የሳንባ ችግር ነው። ብርድ የቆየበት እባብ የሚይዘው በሽታ ነው፤ ሙቀት በመጨመር ብቻ አይድንም። የእንስሳት ሐኪም ጋ ይሂድ። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ስትወስዱት በጨርቅ ከረጢት ቋጥራችሁ ፎም ሳጥን ውስጥ አስገቡት፤ ጎኑ ካልሲ የለበሰ ለብ ያለ ሃይላንድ አድርጉለት፤ የሳጥኑ ክዳን ይቀዳደድ። የሙቀት መዝገባችሁንም ያዙ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።